ከማዶ የመጣው ኳስ

አባቴ የወረወረው ኳስ ከመጠን በላይ ነጭ ነበር። አይቼዋለሁ። በፀሐዩ ውስጥ ሲሄድ እንደ አዲስ ሳህን ሲያበራ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ነገር ግን ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ያየሁትን ሳልረዳ ቆየሁ፤ ስረዳም ግማሹን ብቻ ነው የተረዳሁት፤ ለጥፋት የሚበቃው ደግሞ ያ ግማሹ ነው።

በዱላ የሚመታው የቤዝቦል ጨዋታ ኳስ ነጭ አይደለም። ይህን በማርከም ከተማ የማያውቅ ልጅ አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ዳኛው ከሜዳው ጀርባ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ይቀመጣል። ከሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የተዛቀ ጭቃ በቆርቆሮ አጠገቡ ያኖርና አዲሶቹን ኳሶች አንድ በአንድ ያሻቸዋል፤ ከወርዋሪው እጅ እንዳያሟልጩ ነው። እኛ ልጆች ዙሪያውን ቁጢጥ ብለን እናየዋለን። ነጭ ሆነው ገብተው ወተት የበዛበት ሻይ መስለው ይወጣሉ።

ከእነዚያ ኳሶች አንዱ ተመትቶ ሰው መሃል ከወደቀ የያዘው ሰው ንብረት ነው። ማንም መልስ አይለውም። እየሳቀ ወደ ቤቱ ይወስደዋል፣ ቀኑንና የመቺውን ስም በቀለም ይጽፍበታል፣ እንግዳ የሚያየው ቦታ ያስቀምጠዋል። ጎረቤታችን ሚስተር ፊንች አሥራ አንድ ነበሩት፤ በሳሎኑ መስኮት ደርድሯቸው መንገደኛ ሁሉ ያያቸው ነበር። አባቴ ኤልመር ሦስት ነበሩት። ማቀዝቀዣው አናት ላይ፣ እያንዳንዳቸውን በእንቁላል መብያ ኩባያ ላይ አስቀምጧቸዋል። እናቴ አቧራቸውን ስትጠርግ፣ "አንድ ቀን ተሳስቼ እቀቅልልሃለሁ" ትለው ነበር።

ከወንዙ ማዶ ያለችው የፖርት ሄለን ከተማ ኳስ ግን ሌላ ነው። የእነሱ መቺ ኳሱን ከአጥር በላይ ወደ እኛ መቀመጫ ካሳለፈው፣ የያዘው ሰው ወደ ሜዳው መልሶ መወርወር አለበት። "የማዶ ኳስ በኛ ዳር አያድርም" ይላል ሚስተር ፊንች፣ እንደ ጸሎት ነው የሚለው። አንድ የጥርስ ሐኪም ኳሱን ደብቆ ወደ ቤቱ ሄደ ተብሎ፣ ያን ዓመት ሙሉ ጥርሱን የሚያስነቅል ሰው ጠፍቶ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። ቀልድ ይሁን እውነት እስከ ዛሬ አላውቅም። ያኔ ግን ሙሉ በሙሉ አምኛለሁ።

ችግሩ አጎቴ ዴልበርት የማዶ ሰው መሆኑ ነበር።

ዴል የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ማርከም ተወልዶ፣ እዚያው አድጎ፣ የፖርት ሄለን ልጅ አግብቶ ድልድዩን ተሻገረ። በውሃ ፓምፕ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ከእነሱ ቡድን ጋርም መጫወት ጀመረ። ከዚያን ቀን አንስቶ አባቴ አንድም ጊዜ በደህና ስሙን ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም። "ያ የማዶ ሰው" ነበር የሚለው። በምስጋና ቀን ሁላችንም ማዕድ ላይ ስንቀመጥ አባቴ የዴልን ሳህን አንስቶ በረንዳ ላይ አስቀመጠና፣ "ለማዶ ሰው በረንዳው ይበቃዋል" አለ። ዴልም ካፖርቱን ለብሶ ወጣ፤ በኅዳር ብርድ የቱርክ ዶሮ ሥጋውን ይበላ ጀመር። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው እናቴ የቀረውን የነገረችኝ። አባቴም የራሱን ሳህን ይዞ ተከትሎት ወጥቶ ነበር። ሁለቱ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ በልተዋል፤ ሊገቡ ሲሉ እናቴ ከውስጥ ሆና በሩን ይዛባቸው ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ እያለቀስኩ ስለነበር አላየሁም። አባቴ አጎቴን እንደሚጠላው አውቄ ጨርሻለሁ።

የዚያ ጨዋታ ዋዜማ፣ አርብ ማታ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ወጥ ቤት ያለውን ወሬ አዳምጥ ነበር። አባቴ ከሚሠራበት የሥጋ ማሸጊያ ፋብሪካ ሲመለስ የእጅ መሣሪያ ከሚሸጥበት ሱቅ የወረቀት ከረጢት ይዞ መጥቷል። ምስማር መስሎኛል።

"ዶክተሩ ለዴል ቁርጡን ነግሮታል" አለች እናቴ። "ለምን ይጫወታል ታዲያ?"

"አንድ ጨዋታ ናት ቬርና። ነገ ብቻ።"

"የሚሞት ሰው ሁሉ 'ነገ ብቻ' እንዳለ ነው የሚሞተው።"

"ማንም አይሞትም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲጫወት አንዲት እንኳ ከአጥር አላሳለፈም፤ ነገም አያሳልፍም፤ ሮጦ ላቡን ጠርጎ ይመለሳል።"

"ቢያሳልፍስ?"

"ቢያሳልፍ እኔው በገዛ እጄ እወረውራታለሁ። ማንም አይቀድመኝም።"

"ሰው ቢያይህስ?"

አባቴ ሳቀ። "ሰው እንዲያየኝ ነው እኮ የምወረውራት።"

እናቴም አንድ ድምፅ አሰማች፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ከደረጃው ላይ ሆኜ መለየት አልቻልኩም። ዴል ሊሞት ነው፣ አባቴ ደግሞ በሚሞት ሰው ላይ እንኳ አይራራም፤ እኔ የያዝኩት ይህን ነው።

ዴል የሚሞት ሰው አልነበረም። በፀደይ ወራት አንድ ኳስ ጉንጩን መትቶት ቀኝ ዓይኑ ላይ ጭጋግ ወርዶበት ነበር፤ የግራውም ቢሆን ጥንቱንም ደካማ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ከተመታ ቀኙ ጨርሶ እንደሚጠፋ ዶክተሩ ነግሮታል። ቅዳሜ የመጨረሻው ጨዋታው ነበር። እናቴ ክፉ ነገር ሳይመጣ በፊት ደጅ ወጥታ የምትቀበል ሴት ስለነበረች፣ ሌሊቱን ሁሉ ዓይኑን ብቻ ሳይሆን እሱን ራሱን ቀብራው አደረች። ልጅ ሳለሁ በዚህ አመሏ እስቅባት ነበር። አሁን ልጆቼ በእኔ ይስቃሉ።

ቅዳሜ ሙቀቱ የሚያፍን ነበር። ከግራው አጥር ጀርባ፣ በእንጨት መቀመጫው አምስተኛ ረድፍ ላይ ተቀመጥን። እግራችን ሥር የበረዶ ሣጥናችን አለ፤ በውስጡ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር፣ በጠርሙስ የሎሚ ጭማቂ። ሚስተር ፊንች ከፊታችን፣ ላብ የበላው ኮፍያውን እንደደፋ ተቀምጧል።

ዴል ሊመታ በወጣ ቁጥር ሰፈሩ ይነቃል።

"ዴልበርት! ድልድዩ ሳይዘጋብህ ቶሎ ውጣና ሂድ!"

"ዱላውን የመረጠችልህ ሚስትህ ናት እንዴ?"

የአባቴ ድምፅ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። "ዴል! ክቧን ነው የምትመታው! ክቧን!"

እናቴ ጭኑን ቆነጠጠችው። ኳሱ ከወርዋሪው እጅ በወጣ ቁጥር ዓይኗን ጨፍና መሐረቧን ትጨብጣለች፤ ኳሱ በደህና ካለፈ በኋላ "አለፈች?" ብላ እኔን ትጠይቀኛለች።

በሰባተኛው ዙር እኩል ለእኩል ነበርን። ዴል ዱላውን አንስቶ አገጩን ወደ ትከሻው አስጠግቶ ቆመ። ወርዋሪያችን ወረወረ። የሰማሁት ድምፅ እንጨት በመጥረቢያ በአንድ ምት ሲሰነጠቅ የሚሰማው ዓይነት ነበር።

"አለፈች?" አለች እናቴ ዓይኗን እንደጨፈነች።

ሜዳው ሁሉ ዝም ብሎ ነበር። ኳሱ የሳሙና ማስታወቂያው ከተሳለበት ሰሌዳ በላይ ወጣ፤ ሰሌዳው ላይ የነበሩ እርግቦች ተነሱ። ከዚያ ወደ እኛ መምጣት ጀመረ። ሚስተር ፊንች ብድግ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ፤ ኳሱ ከጣቶቹ በላይ አልፎ በአባቴ ባዶ መዳፍ ላይ አረፈ። ልክ እንደ ጥፊ ጮኸ።

"መልስ!" አለ አንዱ ከኋላ። ከዚያ ሁሉም፣ "መልስ! መልስ! መልስ!" እያለ የእንጨቱን ወለል በእግሩ ይደበድብ ጀመር።

አባቴ እጁን እንዳመመው ሰው በሣጥኑ ላይ ጎንበስ አለ። እናቴም አብራው ጎነበሰች፤ ፊቷን ስላላየሁት እያለቀሰች ነው አልኩ። ከዚያ አባቴ ቀና ብሎ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ባለው ኃይል ወረወረ። ያ ነጭ ኳስ ሄደ። ሣሩ ላይ ነጥሮ ወደ መሃል ተንከባለለ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ሚስተር ፊንች ዞሮ አባቴን ጨበጠው። "ሰው ማለት እንዲህ ነው" አለው። "የሚስትህ ወንድም ሆኖ እንኳ።"

ዴል፣ ያሳለፈ መቺ እንደሚያደርገው፣ የሜዳውን አራት ማዕዘን በሩጫ ዞሮ ጨርሶ ወደ እኛ አቅጣጫ ቆመ። ወደ እኛ ያያል፣ ግን እኛን አያይም። ሰው በሕይወቱ አንዴ ያገኘውን አባቴ መልሶ ሲጥልበት ቆሞ ማየቱ ነው ብዬ አሰብኩ።

በዚያች አንድ ምት ተሸነፍን።

ጨዋታው ሲያልቅ መኪናችን ከጎርፍ መከላከያው ግድብ ላይ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ቆማ ነበር። አባቴና እናቴ ዴልን ሊያገኙት የማዶ ተጫዋቾች ወዳሉበት ሲሄዱ እኔን ከሣጥኑ ጋር ትተውኝ ሄዱ።

"ሣጥኑን እንዳትከፍቺ" አለች እናቴ።

"ለምን?"

"በረዶው ይቀልጣል።"

ጠማኝ። ከፈትኩት። ከሎሚ ጭማቂው ጠርሙስ ሥር፣ በእናቴ መሐረብ የተጠቀለለ ክብ ነገር አለ። ፈታሁት። ወተት የበዛበት ሻይ የሚመስል ኳስ ነው፤ በአንድ ጎኑ ዱላው ያረፈበት ቦታ ጠቁሯል።

ያ የወረወረው ነጭ ኳስ ያን ጊዜ ገባኝ። ዋዜማ በከረጢቱ የመጣው ምስማር አልነበረም፤ አባቴ አዲስ ኳስ በኪሱ ይዞ መጥቶ ነበር። አታሏል። የማዶውን ኳስ ደብቋል፤ ለራሱ፣ ለአራተኛ የእንቁላል ኩባያ። ልክ በዚያች ሰዓት ሚስተር ፊንች ከሦስት ሰዎች ጋር በግድቡ ላይ ወደ እኔ ሲመጣ አየሁ። የሚስተር ፊንች የበኩር ልጅ በሥጋ ማሸጊያው የአባቴ አለቃ ነበር። የጥርስ ሐኪሙ ትዝ አለኝ። አባቴ ከሥራ ሲባረር፣ ሰው ሁሉ በመንገድ ሲያልፈን፣ እናቴ ስታለቅስ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታየኝ። እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ ጊዜ ማየት ከእናቴ የወረስኩት ነው።

ኳሱን ወደ መጣበት መለስኩት። ባለኝ አቅም ወደ ማዶ ወረወርኩት። ግማሽ መንገድ እንኳ አልሄደም። ውሃው ላይ ወደቀ፤ አልሰጠመም፤ ራሱን ብቅ አድርጎ እየዞረ ከወንዙ ጋር ወደ ታች ሄደ።

"ምን ወረወርሽ አንቺ?" አለኝ ሚስተር ፊንች ሲደርስ።

"ድንጋይ።"

"ጥሩ ክንድ አለሽ። ዛሬ አንቺን ነበር ማሰለፍ" ብሎ አለፈ።

አባቴና እናቴ ከዴል ጋር ተመለሱ። ሦስቱም እንደ ልጅ እየተገፋፉ ነበር። እናቴ ግራ ቀኙን አይታ ሰው አለመኖሩን አረጋገጠች።

"በል እጅህን አስገባ" አለችው ሣጥኑን እየከፈተች። "ከጠርሙሱ ሥር። የሚነክስህ ነገር የለም።"

ዴል እየሳቀ እጁን አስገባ። በበረዶው ውስጥ አማሰለ። አንድ ኪያር አወጣ።

"አመሰግናለሁ ቬርና። ሁልጊዜም የምመኘው ኪያር ነበር።"

እናቴ ሣጥኑን ሣሩ ላይ ገለበጠችው። ሳንድዊቹ፣ ጠርሙሱ፣ እርጥብ መሐረቧ። ፊቷ ልክ እንደ መሐረቡ ነጣ። "ፊንች አይቶናል" አለች። "አልኩህ ኤልመር፣ ሰው ያያል አልኩህ።" አባቴ መኪናውን ሥሩን ሁሉ በረበረ። ዴል "ተይው ቬርና፣ ኳስ ናት" ይል ነበር፤ እጁ ግን ባዶውን ሣጥን ደጋግሞ ይዳብሳል። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቃትን አንዲት ኳስ ሊይዝ መጥቶ ነበር፤ ሌላ አይኖረውም።

ያን ጊዜ ነው ሌላው ግማሽ የገባኝ። አባቴ ኳሷን የደበቃት ለራሱ ሳይሆን ለዴል ነበር።

እስከ ቤት ግን አልተናገርኩም። ወጥ ቤት ገብተን፣ አባቴ "የያዛትን ሰው አገኘዋለሁ" እያለ ሲንጎራደድ፣ እናቴ የሰፈሩን ሰው በየስሙ ስትጠረጥር፣ ወደ ዴል ሄጄ እጅጌውን ያዝኩ።

"እኔ ነኝ። ወደ ቤቷ መለስኳት።"

"የት?"

"ወንዙ ውስጥ።"

ዴል ትንሽ አየኝ፤ ከዚያ ከሆዱ ሳቀ። "አሥራ አንድ ዓመት አጥር ማሳለፍ ያቃተኝን፣ ይቺ ወንዝ ልታሻግርልኝ ኖሯል!"

አባቴ አልሳቀም። ኮፍያውን አንስቶ፣ "ትንሳፈፋለች አይደል? ተነስ" አለው። "የፊንችን ጀልባ እንጠይቀዋለን።"

"ምን ብለህ?"

"ዓሣ ልናጠምድ ነው ብዬ።"

እናቴ እስከ በረንዳው ተከተለቻቸው። "ኤልመር፣ ያ ወንዝ በየበጋው ሰው ይወስዳል። አንተ አትዋኝም፣ እሱ አያይም።" እነሱ ግን ሄደዋል።

እኔና እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። የሰኔ ፀሐይ ቶሎ አትጠልቅም፤ ያን ቀን ግን ጨርሶ የምትጠልቅ አልመስል አለችኝ። እናቴ የሚሞቱበትን መንገድ በልቧ አንድ በአንድ ስትቆጥር ከፊቷ አነብ ነበር። መጨረሻ ላይ ስለ ዴል ዓይን ነገረችኝ፤ ሁሉንም፣ ለትልቅ ሰው እንደሚነገር አድርጋ።

"አትቆጪኝም?" አልኳት።

"ሣጥኑን አትክፈቺ ከምልሽ፣ 'የአጎትሽ ኳስ ናት' ብልሽ ምን ነበረበት?" አለች። "ራሴን ተቆጥቼ ስጨርስ ወዳንቺ እመጣለሁ።"

አልመጣችም። እኔ ለልጆቼ ሁሉን ነገር እነግራቸዋለሁ፤ ከሚገባው በላይ ነው የምትነግሪን ይሉኛል።

ሊጨልም ሲል ድምፃቸው ቀድሟቸው መጣ። እየተጨቃጨቁ ነበር።

"ጀልባ ሁለት መቅዘፊያ እንዳለው ማንም አልነገረህም?"

"አንዱን እኮ ነው የጣልኩት፤ ሁለቱን ጣልኩ አላልኩህም።"

እስከ ወገባቸው ረጥበዋል። እናቴ ሁለቱንም በየተራ ጥርግ አድርጋ ዳበሰቻቸው፤ የጎደለ አካል እንዳለ የምትፈትሽ ይመስል ነበር።

"ሦስት አገኘን" አለ አባቴ። "አንደኛዋ ኤሊ ናት። ሁለተኛዋ የቢራ ቆርቆሮ። ሦስተኛዋን ይሄ የማዶ ሰው ካላነሳኋት ብሎ ነው መቅዘፊያው የሄደው፤ የበሰበሰ ዱባ ሆነች።"

ኳሱን አላገኙትም። እናቴ ለዴል ሚስት ደውላ ልብሱ ረጥቧል፣ እዚህ ያድራል አለቻት። ዴል የአባቴን ፒጃማ ለብሶ ወጥ ቤት ተቀመጠ፤ ሱሪው ከጉልበቱ ትንሽ ነው የወረደው። ሰው ሁሉ ሲረጋጋ ጠራኝ።

"ሎሪ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ። የት ወደቀች?"

"ግድቡ አጠገብ፣ ከመኪናው..."

"እሱን አይደለም። ስመታት። የት ወደቀች?"

"አላየሃትም እንዴ?"

"ከወርዋሪው ራስ በላይ ካለፈች በኋላ ለኔ ጭጋግ ናት" አለ። "እግሬ ይሮጣል፤ ለምን እንደሚሮጥ ግን አላውቅም። ሰዎቻችሁ ዝም ሲሉ ነው የጠረጠርኩት። ፊንች ዝም ካለ አንድ ነገር ሆኗል አልኩ።"

አባቴ የሚያብስበትን ፎጣ ይዞ ቆመ። ይህን እሱም አላወቀም ነበር።

ነገርኩት። ከሳሙናው ሰሌዳ በላይ እንደወጣች፣ እርግቦቹ እንደተነሱ፣ ሚስተር ፊንች በጫማው ጫፍ ቆሞ እንዳልደረሰባት ነገርኩት። አባቴ ያበጠ መዳፉን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ መብራቱ ሥር ዘረጋለት። ዴል በአንድ ጣቱ ነካው።

"ከዚያ በፊትስ? እላይ ስትደርስ?"

አሰብኩ። መዋሸት አልፈለግሁም፣ ማሳነስም አልፈለግሁም።

"ቆመች" አልኩት። "እላይ ደርሳ ቆመች። የምትወርድ አልመሰለንም።"

ዴል ሁለቱንም ዓይኖቹን ጨፈነ።

"እንደገና ንገሪኝ" አለ። "ከዱላው ጀምረሽ፤ አትቸኩይ።"

ከዱላው ጀመርኩ። እናቴ አባቴን አየች፣ ዴልን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ፣ ቆጥራን የጨረሰች ይመስል፣ ተነስታ ሄደችና በሩን ቆለፈችው።